ጉቶው የት አለ?

የአክስቴ ልጅ ባቡሩን ከጎጃም በረንዳ አስነስቶ ወደ ሰባተኛ ሲያወርደው፣ ግራና ቀኙን ቅጠላቸው የረገፈ፣ ቅርንጫፋቸው እንደ መጥረጊያ የቆመ ዛፎች አጅበውታል። ልጁ መርካቶ ውስጥ ጭድ ተራ ተወልዶ ጭድ ተራ ያደገ ነው። እዚያ ሰፈር እንዲህ ያለ ዛፍ አይቶ አያውቅም፤ እኔም አላየሁም።

«ምን ሆነው ነው? እሳት በላቸው?» አልኩት።

«ወቅቱን ክረምት አድርጌው ነው» አለኝ። «ዝናብ ፈልጌ።»

ነገሩ የገባን ትንሽ ቆይቶ ነው። ባቡሩን የሚነዳበት የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚያውቃቸው ወቅቶች አራት ናቸው፤ ስፕሪንግ፣ ሰመር፣ ኦተም፣ ዊንተር። ትምህርት ቤት ሳለን ዊንተር ማለት ክረምት ነው ተብለን ተምረናል። ሐምሌ ላይ ትምህርት ሲዘጋ የምንገባበትን የማካካሻ ትምህርት ደግሞ ሰመር ክላስ እንለው ነበር። ያው አንዱ ወር ሁለት ስም ይዞ ኖሯል፣ ማንም ሳይጨነቅበት። ኮምፒዩተሩ ግን ይጨነቃል። ዊንተር ሲሉት የሰሜኑን አገር ብርድ ነው የሚያመጣው። ቅጠሉን ሁሉ አራገፈና መርካቶን ባልበረዳት ብርድ አራቆታት። ሐምሌ በእኛ አገር ዛፍ የሚለመልምበት፣ አጥር ላይ ሳይቀር ሣር የሚበቅልበት ወር መሆኑን የነገረው የለም።

ልጁ የሚሠራው በባቡር ማስመሰያ ጨዋታ ውስጥ መስመር መዘርጋት ነው፤ አንዱ በደጁ የሚያልፈው የቀላል ባቡር፣ ሌላው ከለገሃር የሚነሣው አሮጌው የጅቡቲ መስመር። ጨዋታው ራሱ ቀላል ነው፤ ሾፌሩ አንተ ነህ፣ ፍጥነት ትጨምራለህ፣ ፍሬን ትይዛለህ፣ ጣቢያ ላይ ትቆማለህ። ተኩስ የለም፣ ነጥብ የለም። ሰዓታት ሙሉ ከመስኮት ውጪ ማየት ነው። ስለዚህ ከመስኮት ውጪ ያለው ነገር ሁሉ ነገር ነው፤ ከከተማ ሲወጣ ደግሞ ከመስኮት ውጪ ያለው ከዘጠና በመቶ በላይ ዛፍ፣ ሣርና አፈር ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም። ብዙዎቹን መስመሮች የሚሠሩት ኩባንያዎች ሳይሆኑ በትርፍ ሰዓታቸው የሚለፉ አፍቃሪዎች ናቸው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው የባቡር ጨዋታ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ በር ከፍቶ ነበር፤ ኩባንያው ነገሩን ከተወው በኋላም ኦፕን ሬይልስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም የዚያን ጨዋታ መስመሮች እየተቀበለ ማስኬዱን ቀጥሏል። የአክስቴ ልጅ የመረጠው እሱን ነው። ምርጫ ከተባለ። ላፕቶፑ ከዚያ የከበደ አይችልም፤ አሁን እንኳ ማራገቢያው ሲሽከረከር ከታች ከመንገዱ «ዞር በሉ!» እያለ ኩንታል ተሸክሞ የሚያልፈውን ሰው ድምፅ ሊውጠው ምንም አልቀረው።

በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ ዛፍ መትከል የሒሳብ ሥራ ነው። አንድ እውነተኛ ዛፍ ስንት ቅጠል አለው? ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን ቅጠል ልሣል ቢል አንድ የግራር ዛፍ ብቻውን ያሽመደምደዋል። ስለዚህ ማታለል አለ። የዛፍ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ጀርባው ተቆርጦ ይወጣል፣ ከዚያ ሁለት እንዲህ ያሉ ሥዕሎች እንደ መስቀል ተጣምረው ይቆማሉ። ከባቡሩ መስኮት ሲታይ ዛፍ ነው። እንደ ወፍ ከላይ ካየኸው ግን «×» ምልክት ነው፤ ሜዳ ሙሉ የ«×» ምልክት። ጫካ ሲፈለግ ደግሞ አንድ በአንድ አይተከልም። አራት ማዕዘን ቦታ ይሰጠዋል፤ ርዝመቱ ይሄን ያህል፣ ስፋቱ ይሄን ያህል፣ በውስጡ ይሄን ያህል ዛፍ፣ ትንሹ ይሄን ያህል ትልቁ ያን ያህል ይሁን ይባላል። የቀረውን ማሽኑ በዘፈቀደ ይበትነዋል።

የሌላ አገር ሰዎች በዚህ አራት ማዕዘን ሲማረሩ አይፈረድባቸውም፤ የተፈጥሮ ደን በገመድ ተለክቶ አይቆምም። ለእኛ ግን ተስማማን። የእኛ ገበሬ የባሕር ዛፍ ማሳ እኮ አራት ማዕዘን ነው! ዳሩ በቢላ እንደተቆረጠ ድፎ ቀጥ ያለ፣ ከጎረቤት እርሻ ጋር በአንድ እርምጃ የሚለይ። ከአዲስ አበባ በየትኛውም በር ስትወጣ ኮረብታው ላይ እንደ ጥቁር አረንጓዴ ድሪቶ ተለጥፎ የምታየው እሱ ነው። ማይክሮሶፍት ሳያስበው ለባሕር ዛፍ የሚሆን መሣሪያ ሠራ።

የእነልጁ ጎረቤት አጠና ነጋዴ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው፣ ልጁም እንደዚያው። አንድ ቀን ማታ ቻርጀር ሊበደሩ ገብተው ስክሪኑ ላይ ከለገሃር ወደ አቃቂ በሚወርደው አሮጌ መስመር ዳር የተተከለውን ባሕር ዛፍ አዩት። ልጁ ኮርቶበታል፤ ሦስት ቀን የለፋበት ነው። ግንዱ ወፍራም፣ ልጡ የተላላጠ፣ ቅጠሉ እንደ ማጭድ ጎበጥ ብሎ ቁልቁል የተንጠለጠለ። ጋሼ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ።

«ይሄ ባለቤት የለውም?»

«እንዴት ጋሼ?»

«አልተቆረጠማ! ሰው ያለበት ባሕር ዛፍ እንዲህ እስኪወፍር ማን ይጠብቀዋል? ለቋሚ አይሆን፣ ለማገር አይሆን። ጉቶው የት አለ?»

ቻርጀሩን ይዘው ወጡ። ልጁ ለሁለት ቀን አኮረፈ፤ ከዚያ ግን ፎቶ ማንሳት ጀመረ።

ጋሼ ልክ ናቸው። ሽማግሌ ባሕር ዛፍ በአዲስ አበባ አለ፤ በኤምባሲዎች ግቢ፣ በአንዳንድ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ፣ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ባሕር ዛፍ የሚኖረው በዋናው ግንድ ሳይሆን በጉቶ ነው። ተተክሎ በጥቂት ዓመት ይቆረጣል፤ ከጉቶው ዙሪያ ብዙ ቀጭን ቀጭን ቡቃያ ይፈላል፤ ባለቤቱ ደካማውን ጥሎ ደህና ደህናውን ያስቀራል፤ እሱም ሲደርስ ተቆርጦ አጠና ይሆናል። ደግሞ ይፈላል። የቡቃያው ቅጠልና የትልቁ ቅጠል መልካቸው ለየቅል ነው። ነጭ የምንለው ባሕር ዛፍ በልጅነቱ ቅጠሉ ሰፊ፣ ክብ ቢጤ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ሰማያዊ ብርማ ነው፤ ሲያድግ ነው ረዝሞና ጠቁሮ የሚንጠለጠለው። ስለዚህ በየጊዜው የሚቆረጥ ማሳ ከሩቅ ሲታይ ከታች ብርማ ከላይ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ሁለት ቀለም ይይዛል። ከበይነ መረብ የሚወርደው የአውስትራሊያ ባሕር ዛፍ ይህን አያውቅም፤ ለምን ያውቃል? እዚያ በነፃነት ነው የሚያድገው።

ለዚህች ከተማ ዛፉና ባቡሩ እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። ዐፄ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው፤ ባሕር ዛፍም ወደ አዲስ አበባ የገባው በዚያው ሰሞን ነው፤ አስገቢው ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው። ከተማዋ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመት በዙሪያዋ ያለውን ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ጨርሳው ስለነበር፣ ንጉሡ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ያስቀራቸው ቶሎ የሚያድገው የባሕር ማዶ ዛፍ ነው። ስሙም ከዚያው መጣ፤ ባሕር ተሻግሮ የመጣ። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ፣ አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ በ1917 ነው። ስለዚህ ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በረሃውን አቋርጦ የመጣው የመጀመሪያው ተሳፋሪ ዘመዱን ከማየቱ በፊት ያየው ኮረብታ ሙሉ ባሕር ዛፍ ነው።

በጨዋታው ውስጥ ከተራራው ጋር ያለን ጣጣም ከዛፍ የመጣ ነው። የመሬቱ ከፍታና ዝቅታ የሚወሰደው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር በራዳር ከለካችው መረጃ ነው። ነፃ ነው፤ አብዛኛው መስመር ሠሪ በእሱ ነው የሚጀምረው። ራዳሩ ግን ጥቅጥቅ ካለ ዛፍ ላይ ሲያርፍ እስከ አፈሩ ድረስ አይዘልቅም፤ ከቅጠሉና ከቅርንጫፉ መሃል ይመለሳል። እንጦጦ ላይ የለካው ከፊሉ መሬት ከፊሉ ባሕር ዛፍ ነው። ልጁ ደግሞ በዚያ ላይ ሌላ ባሕር ዛፍ ተከለበት። ዛፍ በዛፍ ላይ። ከታች ሆኖ ሲታይ አይታወቅም፤ እኔ ግን ካወቅሁ ወዲህ እንጦጦን በስክሪን ባየሁ ቁጥር ትንሽ ከፍ ብሎ የቆመ ይመስለኛል።

ልጁ አሮጌው መስመር ላይ የፈለገው ዘመን ሊቶሪና የሚባለው ባቡር የሚሄድበትን ነው፤ እ.ኤ.አ. 1950ዎቹ። ከለገሃር እስከ አዋሽ። እዚህ ላይ ነው ሥራው ከአትክልተኛነት ወደ ታሪክ ሠሪነት የተቀየረው። የሳተላይት ፎቶ የሚያሳየው ዛሬን ነው። ዛሬን ገልብጦ 1950ዎቹ ላይ መለጠፍ ደግሞ ጋቢ የለበሱ አያትን በድሮ ፎቶ ላይ ሞባይል ከማስያዝ አይለይም። መተሐራ ላይ ሐዲዱ በበሰቃ ሐይቅ ዳር ነው የሚያልፈው፤ ሐይቁ በዚያ ዘመን 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፣ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። የዛሬውን ፎቶ አምኖ ቢሠራ ሊቶሪናው ሊዋኝ ነው። የወንጂ ሸንኮራ አገዳ በዚያ ዘመን ይፈቀዳል፤ የመተሐራው ግን ገና ነው።

ከሁሉ የከፋው አዋሽ አካባቢ ያለው እሾህ ነው። ፕሮሶፒስ የተባለው ዛፍ በአፋር ምድር የግጦሹን መሬት በሰፊው ውጦታል፤ ግመል እንኳ የማያልፍበት አጥር ሠርቷል። ከመንገድ ሲያዩት ከጥንት የነበረ ይመስላል። የገባው ግን በደርግ ዘመን ነው፤ አፋሮች የደርግ ዛፍ የሚሉት ለዚሁ ነው። ስሙ ራሱ ቀኑን ይናገራል። በሊቶሪና መስኮት ከታየ ውሸት ነው። የአክስቴ ልጅ በአንድ ማታ ነቀለው። መንግሥትና ገበሬ አሥርት ዓመታት ያቃታቸውን በአንድ ቁልፍ።

የሌሎች ሰዎች ሥራ ላይ ከሁሉ የሚያናድደኝ ጠፍጣፋው ግራር ነው። አፍሪካ ከተባለ ያንን ጃንጥላ የሚመስል ዛፍ ይዘሩበታል፤ ከኋላው ቀይ ፀሐይ። በአዋሽ ፓርክ ሐዲዱ ሲያልፍ ትክክል ነው፤ ሳላ ሲሮጥ ብታይበት እንኳ ያምራል። ሠርተው ሠርተው ግን እስከ አዲስ አበባ በር ያመጡታል። ቢሾፍቱና ሞጆ አካባቢ ጤፍ መሃል ቆሞ የሚታየው ግራር ሌላ ነው፤ ኦሮሞዎች ገርቢ ይሉታል። ጠባዩ የተገለበጠ ነው። ሌላው ዛፍ በክረምት ሲለመልም እሱ ቅጠሉን ያራግፋል፣ በጋ ሲገባ ይለመልማል። ገበሬው ከማሳው የማይቆርጠውም ለዚህ ነው፤ ጤፉ ፀሐይ ሲፈልግ ጥላ አያበዛበትም፣ የረገፈው ቅጠል ያዳብረዋል፣ በበጋ ደግሞ ፍሬው ለከብት ነው።

ይህን ስነግረው ልጁ ከወንበሩ ተነሣ። «እንግዲያው ያ የመጀመሪያው ቀን ዊንተር ልክ ነበር!»

ልክ ነበር፤ ለአንድ ዛፍ ብቻ። መርካቶ ላይ ሳይሆን ሞጆ ላይ።

ከዚያ ወዲህ ወቅቶቹን ለራሳችን ደለደልናቸው። ሰመር የሚለው ለክረምት ሆነ፤ ሁሉ አረንጓዴ፣ ገርቢው ራቁቱን። ስፕሪንግ መስከረም ሆነ፤ ዛፉ እንዳለ፣ መሬቱ ላይ ግን አደይ አበባ። ኦተም ኅዳርና ታኅሣሥ፤ ጤፉ ታጭዶ ማሳው ወርቅማ። ዊንተር በጋ፤ አፈሩ የተሰነጠቀ፣ ማሳው ላይ ገርቢው ብቻ ለምለም። ስኖው የሚል ማህደርም አለ። እሱን ባዶ ተወው።

ለታኅሣሡ ማሳ የመሬት ምስል ያስፈልግ ነበር። ከበይነ መረብ ያገኘነው የፈረንጅ ስንዴ ገለባ ነው፤ ወፍራምና ቢጫ። የጤፍ ጭድ ቀጭን ነው፣ ግራጫ የቀላቀለበት ወርቅ ነው፣ ሲተኛ እንደ ፀጉር ይተኛል። ጭድ ተራ ቁጭ ብሎ ጭድ መፈለግ! ቤታቸው የጓዳው ግድግዳ ሊመረግ ተዘጋጅቶ ስለነበር፣ ከጭቃው ጋር ሊቦካ የመጣ አንድ ማዳበሪያ ጭድ በር ላይ ቆሟል። እናቱ ሳያዩ ግማሹን ደጅ ላይ ዘረገፈና ወንበር ላይ ቆሞ በስልኩ አነሣው። ፀሐይ በደመና የተሸፈነችበትን ሰዓት ጠብቆ ነው፤ ጥላ ካለበት ማሳው ሁሉ ጠዋትም ማታም በአንድ አቅጣጫ ጥላ ይጥላል።

ሲለጥፈው አማረ። ከአቃቂ እስከ ሞጆ የጭድ ተራ ጭድ ተነጠፈ። ባቡሩን አስነሥተን ስንሄድ ግን ማሳው መሃል አንዲት ሰማያዊ ነጥብ አየሁ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ። ከዚያ ሌላ፣ በተመሳሳይ ርቀት፣ እንደ ኪሎ ሜትር ድንጋይ። ምስሉ ድግግሞሽ ነውና፣ ጭዱ ውስጥ የነበረች የጥፍር ታህል የፌስታል ቁራጭ በሺህ የሚቆጠር ቦታ ላይ ተዘርታለች። እንዲያጠፋት ነገርኩት። አጠፋት፤ ግን ከሁሉም ቦታ አይደለም። አቃቂ አካባቢ ሆን ብሎ ተዋት፤ የዛሬውን ዘመን ለሚያሳየው የመስመሩ ሥሪት አስቀምጧታል። እዚያስ ልክ ናት።

መርካቶ ግን እስከ መጨረሻው አስቸገረን። ቀላል ባቡሩ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ መስመሩ በጠቅላላ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከእሱ ውስጥ በአውቶቡስ ተራ፣ በሰባተኛ፣ በአትክልት ተራና በጎጃም በረንዳ የሚያልፈው ለልጁ የደጁ መንገድ ነው። ዛፍ የት እንትከል? ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ወደዚህ ሲያዛውር ለሱቅ እንጂ ለጥላ ቦታ አልተወለትም፤ ከዚያም በኋላ ክፍት የተገኘው ሁሉ ሱቅ ሆኗል። ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ግቢ ውጭ የቆመ ዛፍ በጣት የሚቆጠር ነው። ባዶ ስንተወው ደግሞ መርካቶ አልመስል አለ፤ ፋብሪካ መሰለ። ለሳምንት ምን እንደጎደለው አልገባንም።

ከዚያ አንድ ጠዋት ከበሩ ላይ ቆመን ስናይ ገባን። መርካቶ ላይ ዕፅዋት ሞልቷል፤ ቆሞ ግን አይደለም። ተቆርጦ ነው ያለው። አጠና በአይሱዙ ተጭኖ ጫፉ ከኋላ እየተወዛወዘ ያልፋል፤ ጫት በኮባ ተጠቅልሎ በሰው ራስ ላይ ይሮጣል፤ ቄጠማ ለበዓል በእቅፍ፣ ከሰል በማዳበሪያ፣ ጭድ በኩንታል። የእንጦጦ ሴቶች ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ሲወርዱ ከኋላ የሚታየው እግርና ዛፍ ብቻ ነው። የአትክልቱ ገበያ በ2012 ዓ.ም. ከቦታው ተነሥቷል፤ ጣቢያው ግን አትክልት ተራ እንደተባለ ነው። ልጁ ዛፍ መትከሉን ትቶ ሸክም መሥራት ጀመረ፤ አሥራ አራት ዓይነት ሸክም። የአጠናው ክምር ከሁሉ አምሮለታል፤ የተቆረጠው ጫፍ ቢጫ፣ ልጡ ግማሹ የተላጠ።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼን ራሱ ሄዶ ጠራቸው። የአቃቂውን መታጠፊያ ከፈተላቸው። ባሕር ዛፉ አሁን ከጉቶ ነው የተነሣው፤ ጉቶው ራሱ ጠቁሮ ይታያል፣ ከዙሪያው አምስት ቀጫጭን ግንድ፣ ከሥር ያ ብርማ ሰማያዊ ቅጠል። ሊቶሪናው ቀስ ብሎ አለፈ። ጋሼ «መልሰው» አሉት፤ መለሰው። ጎንበስ ብለው አዩ።

«አሁን ባሕር ዛፍ ሆነ» አሉ። ልጁ ፈገግ ሊል ሲል ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። «ይሄንና ይሄን ግን ቁረጣቸው። አምስቱም ካሉ አንዱም አይወፍርም።»